ትኋን፣ ሙቀትና ሕግ፦ ከጠፍር አልጋ እስከ ነታኒያ አፓርታማ



ወደ ማኅበራችን የሚመጡ ወገኖቻችን ስለ ሥራ፣ ስለ ኡልፓን፣ ስለ ልጆች ትምህርት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይነጋገራሉ። ስለ ትኋን ግን የሚነጋገሩት በር ተዘግቶ ነው። አንዲት እናት የልጇን ክንድ ገልጣ በተርታ የተነከሰውን ካሳየችን በኋላ «እባካችሁ ጎረቤት እንዳይሰማ» ብላ ትለምነናለች። በዚሁ ጉዳይ አንድ ከሠራዊት የተሰናበተ ወጣትም መጥቶ ነበር። የእርሱ ጥያቄ ሌላ ነው፦ «ትልልቅ ማሞቂያ ገዝቼ የሰው ቤት በሙቀት ከትኋን ላጸዳ አስቤአለሁ። መርዝ የለበትም፤ ስለዚህ ፈቃድም ሆነ ቢቱዋሕ አያስፈልገኝም አይደል?»

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለእናቲቱም ለወጣቱም ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሰን የትኋንን፣ የሙቀትንና የሕግን ታሪክ ማየት ያስፈልገናል። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አሮጌ ጠላት

ትኋን ከሰው ልጅ ጋር መኖር የጀመረው ትናንት አይደለም። የጥንት ቅሪት አጥኚዎች በግብፅ፣ ቴል ኤል ዓማርና በተባለው ቦታ፣ ከ3,300 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የትኋን ቅሪት አግኝተዋል። ዛሬ እስራኤላውያን «ፒሽፔሽ» የሚሉት ይህ ተባይ ስሙ በሚሽና ውስጥ ሳይቀር ተጠቅሷል። እንግዲህ ትኋን በእኛ ሻንጣ ወደዚህ አገር የገባ እንግዳ እንዳልሆነ በዚህ ይታወቃል። የሀብታም ቤት ከድሃ ቤት፣ የጸዳ ቤት ካልጸዳ ቤት አይለይም፤ የሚፈልገው የተኛ ሰው ደም ብቻ ነው። በሽታ እንደሚያስተላልፍም እስካሁን አልተረጋገጠም። የሚወስደው እንቅልፍንና የቤት ሰላምን ነው።

በአገር ቤት ሳለን ሴቶቻችን መድኃኒቱን ያውቁት ነበር። ትኋን በጠፍር አልጋው ቀዳዳና በእንጨቱ ስንጥቅ ሲራባ አልጋው ወደ ደጅ ይወጣል፤ ውሃ በድስት ይፈላና በየቀዳዳው ይፈስሳል፤ ከዚያም አልጋው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይውላል። ቁርበቱና ጋቢው ይራገፋል፣ ይሰጣል። ይህ ራሱ በሙቀት ማጥፋት ነበር። እናቶቻችን የሙቀት መለኪያ አልነበራቸውም እንጂ ዘዴው ትክክል ነበር።

ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። ያ አልጋ የራስ አልጋ፣ ደጁም የራስ ደጅ ነበር። ጎጆው ለብቻው የቆመ ስለሆነ አንድ ሰው ውሃ ሲያፈላ የጎረቤቱ ግድግዳ አይሞቅም። ነታኒያ ውስጥ ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ከበላይም ከበታችም ከግራም ከቀኝም ጎረቤት አለው። ግድግዳው፣ የኤሌክትሪክ መስመሩና የጋዝ ቧንቧው የጋራ ነው። ሕግ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

መርዙ ቀደመ፣ ሕጉ ተከተለ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በአውሮፓና በአሜሪካ ትኋን ያለበትን ቤት ዘግቶ ሲያናይድ በተባለ ጋዝ ማጠን የተለመደ ነበር። ጋዙ ትኋኑን ይገድላል፤ ካልተጠነቀቁለት ግን በቤቱም በጎረቤትም ያለውን ሰው ይገድላል። በዚህ ምክንያት እንግሊዝ በ1937 በዚህ ጋዝ ስለማጠን ራሱን የቻለ ሕግ አወጣች።

ከዚያ ዲዲቲ መጣ። ስዊዘርላንዳዊው ፓውል ሙለር የዲዲቲን ነፍሳት ገዳይነት ያወቀው በ1939 ሲሆን፣ በ1948 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። መንግሥታት ተአምር የተገኘ መስሏቸው በሰው ገላ ላይ ሳይቀር ረጩት። በሃይፋ አጠገብ በ1949 በተከፈተው ሻዓር ሃዓሊያ በተባለው የመቀበያ ካምፕ የገቡ ስደተኞች ዲዲቲ ተነስንሶባቸዋል። ከሞሮኮ፣ ከየመን፣ ከኢራቅ የመጡ ሽማግሌዎች ያንን ውርደት ዛሬም ለልጅ ልጆቻቸው ይነግራሉ። በእኛም አገር በ1959 የተቋቋመው የወባ ማጥፊያ ድርጅት ሠራተኞች የረጪ ታንክ በጀርባቸው ተሸክመው ከመንደር መንደር ሲዞሩ ያየ ብዙ ሰው በመካከላችን አለ።

ተአምሩ ግን ብዙ አልቆየም። ገና በ1947 በሃዋይ ፐርል ሃርበር በነበረ የወታደሮች ሰፈር ዲዲቲ የማይገድለው ትኋን ታየ። ከዚያ በኋላ የመጡትንም መርዞች ትኋን ቀስ በቀስ ተለማመዳቸው። ለጥቂት አሥርተ ዓመታት ከብዙ አገር የጠፋ መስሎ ቆይቶ፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤልም ተመልሶ ተስፋፋ።

በእስራኤል ተባይ የማጥፋት ሥራ በ1975 ዓ.ም. በወጣ ደንብ ፈቃድ የሚጠየቅበት ሆኖ ነበር። ሆኖም የአገሪቱን ልብ የሰበረ አደጋ በጥር 2014 በኢየሩሳሌም ደረሰ። በአንድ ቤት ለተባይ ማጥፊያ ከተቀመጠ ኬሚካል ፎስፊን የተባለ ጋዝ ወጥቶ ሁለት ሕፃናት እኅትማማቾች ሞቱ፤ ሁለት ወንድሞቻቸውም ለሞት ተቃርበው ተረፉ። ተባይ አጥፊው ተከሶ በቸልተኝነት ሞት በማድረስ ጥፋተኛ ተባለ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ ክኔሴት የተባይ ማጥፋትን ሥራ የሚመለከት ራሱን የቻለ ሕግ አጸደቀ። ፈቃዱን የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ በየጊዜው አዲስ መድኃኒት ሲመጣ «ይህስ አይጎዳም» ተባለ፤ ሰው ከተጎዳ በኋላ ሕግ ወጣ። ዛሬ «አይጎዳም» የሚባልለት ሙቀት ነው።

የከተማችን ስምና የሞቀ ወተት

የምንኖርባት ነታኒያ በ1929 ስትቆረቆር ስሟን ያገኘችው ከናታን ስትራውስ ነው። ስትራውስ በኒው ዮርክ የታወቀ አይሁዳዊ ነጋዴና በጎ አድራጊ ነበር። በዚያ ዘመን በኒው ዮርክ የድሆች ሰፈር ሕፃናት በተበከለ ወተት ምክንያት ይሞቱ ነበር። ስትራውስ ከ1893 ጀምሮ በሙቀት የታከመ ወተት ለድሆች በርካሽ የሚያድል ጣቢያ ከፈተ፤ በየከተማውም እየዞረ ወተት ሁሉ ሳይሞቅ እንዳይሸጥ ተከራከረ። የተቃወሙት ብዙ ነበሩ። በመጨረሻ ግን ቺካጎ በ1908፣ ሌሎች ከተሞችም ተከትለዋት፣ ነገሩን በሕግ አደረጉት።

ይህን የምናነሳው የከተማችንን ስም ለማወደስ ብቻ አይደለም። በስትራውስ ዘመን ወተትን «ለብ አድርጌዋለሁ» ማለት አልበቃም። ስንት ዲግሪ? ስንት ደቂቃ? ማን ለካው? ሕፃን ቢታመም ማን ይጠየቃል? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሲያገኙ ነው ሰው የሞቀ ወተትን ያመነው። በኋላ የተለመደው ልክ 63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ሆነ። ሙቀት መድኃኒት የሚሆነው ልክ፣ ጊዜና ተጠያቂ ሲኖረው ነው። ስለ ትኋንም የምንለው ይህንኑ ነው።

ልኩና ጊዜው

ቤትን ወይም መጋዘንን በሙቀት ከተባይ ማጽዳት የዛሬ ፈጠራ አይደለም። በአሜሪካ ካንሳስ የዱቄት ወፍጮዎችን በማሞቅ ነፍሳትን ማጥፋት እንደሚቻል በ1911 ተጽፏል፤ በዚያው ዘመን በሰሜን አሜሪካ ለትኋንም ቤት ያሞቁ ነበር። ዲዲቲ ሲመጣ ዘዴው ተረሳ፤ መርዝ ሲደክም ደግሞ ተመለሰ።

በ2011 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ ያደገ ትኋን በ48 ዲግሪ ገደማ ወዲያው ይሞታል፤ እንቁላሉ ግን ወዲያው እንዲሞት ወደ 55 ዲግሪ ይፈልጋል። ሙቀቱ 48 ዲግሪ ላይ ከቆየ እንቁላሉን ለመግደል 71 ደቂቃ ያህል ያስፈልጋል፤ በ45 ዲግሪ ደግሞ 7 ሰዓት። ይህ ልክ የአየሩ ሳይሆን ትኋኑ የተደበቀበት የፍራሹ መሃል፣ የግድግዳው ስንጥቅ፣ የሶፋው ሆድ ሙቀት ነው። ስለዚህ ባለሙያ በየቦታው መለኪያ ያኖራል፣ ማራገቢያ ያዞራል፣ ሰዓት ይመዘግባል። ለችኮላ የሚሠራ ሰው ግን የክፍሉን አየር ብቻ አሙቆ ይሄዳል፤ ትኋኑም ቀዝቀዝ ወዳለው ጥግ ወይም ወደ ጎረቤት ይሸሻል።

አደጋውም ከዚሁ ሙቀት የሚመጣ ነው። በዚያ ሙቀት ሻማ ይቀልጣል፣ ኢንሱሊንና ሌላ መድኃኒት ይበላሻል፣ የሚረጭ ቆርቆሮና የሲጋራ መለኮሻ ሊፈነዳ ይችላል። የብራና መጽሐፍ ይኮማተራል፤ ከአገር ቤት የመጡ የፎቶግራፍና የካሴት መታሰቢያዎች ይጣመማሉ። አንድ አባት ከጎንደር በሱዳን በረሃ አሳልፈው ያመጡትን ኦሪት በምን ገንዘብ መካስ ይቻላል? ኤሌክትሪክም አለ፦ 40 አምፔር መስመር ያለው ቤት በአንድ ጊዜ ሊሸከም የሚችለው ወደ 9 ኪሎዋት ብቻ ነው። አራትና አምስት ትልልቅ ማሞቂያ በአንድ መስመር የሚሰካ ሰው እሳት እየጠራ ነው።

ሥራውን ለሚያስብ ወጣት

ልጃችን፣ ሠርተህ ለመኖር መፈለግህ ያስደስተናል። ከመጀመርህ በፊት ግን እነዚህን እወቅ።

አንደኛ፣ ፈቃድ። «መርዝ ስለሌለው ሕጉ አይመለከተኝም» ብለህ ለራስህ አትፍረድ። ከማንም አንድ ሼቄል ሳትቀበል የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴርን በጽሑፍ ጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀብለህ አስቀምጥ። ያለ ፈቃድ ተሠራ የሚባል ሥራ አደጋ ከደረሰበት፣ ክርክሩ ገና ሳይጀመር በአንተ ላይ ያዘነብላል።

ሁለተኛ፣ የእሳት ሕግ። በዚህ አገር ስለ ጉዳት ካሣ የሚደነግገው «ፕኩዳት ሃኔዚኪን» የተባለው ሕግ ሲሆን፣ በእንግሊዞች ዘመን በ1944 ወጥቶ በ1968 በአዲስ መልክ የተዘጋጀ ነው። እንደ ወትሮው የተጎዳው ሰው ከሳሽ ሆኖ የተከሳሹን ቸልተኝነት ማስረዳት አለበት። በአንቀጽ 39 መሠረት ግን ጉዳቱ በእሳት የደረሰ እንደሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ እሳቱን ያነደደው፣ ለመንደዱ ተጠያቂ የሆነው ወይም እሳቱ የወጣበትን ቤት የያዘው ሰው ቸልተኛ እንዳልነበረ ራሱ ማስረዳት አለበት። ሙቀቱን በየሰዓቱ ያልመዘገበ፣ ምን ከቤት እንዲወጣ እንዳዘዘ ያልጻፈ ሰው በምን ያስረዳል?

ሦስተኛ፣ ኤሌክትሪክ። በ1954 በወጣው የኤሌክትሪክ ሕግ መሠረት የኤሌክትሪክ ሥራ ፈቃድ ላለው ባለሙያ ብቻ የተተወ ነው። ተጨማሪ መስመር ለመሳብ የሰው ቤት የኤሌክትሪክ ሳጥን አትክፈት።

አራተኛ፣ ተስፋ። «መቶ በመቶ ዋስትና» የሚል ማስታወቂያ ደንበኛ ይጠራል፤ ፍርድ ቤትም ይጠራል። ሙቀት በቤት ውስጥ የሚቀር ነገር ስለሌለው፣ ዛሬ የጸዳ ቤት ነገ ከጎረቤት ወይም ከአሮጌ ሶፋ ትኋን ሊገባበት ይችላል። የ1981 የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ደንበኛን ማሳሳትን ይከለክላል። ያንኑ ሕግ አንብብ፦ የሰውን ችግር ወይም ቋንቋ አለማወቅ መጠቀሚያ ማድረግንም ይከለክላል። ውሉን ደንበኛህ በሚገባው ቋንቋ አስረዳ።

አምስተኛ፣ «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ተጠያቂ አይደለሁም» የሚል ወረቀት አስፈርመህ እንዳትተማመን። በ1982 የወጣው ስለ ወጥ ውሎች የሚናገረው ሕግ፣ አቅራቢው ራሱን ከተጠያቂነት ነፃ የሚያወጣበትን አንቀጽ ያላግባብ የሆነ ይሆናል ብሎ ይጠረጥረዋል፤ ፍርድ ቤቱም ሊሰርዘው ይችላል። የሚጠቅምህ እውነተኛ ዝርዝር ነው፦ ምን ከቤት እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚያወጣው፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ትኋን ዳግም ቢታይ ምን እንደሚደረግ።

ስድስተኛ፣ ቢቱዋሕ። በ1981 በወጣው የኢንሹራንስ ውል ሕግ መሠረት፣ ኩባንያው ለጠየቀህ ጉዳይ ሙሉና እውነተኛ መልስ መስጠት አለብህ። «የጽዳት ሥራ» ብለህ ቢቱዋሕ ገብተህ ቤት ስታሞቅ እሳት ቢነሣ፣ ኩባንያው ክፍያውን ሊቀንስ ወይም ሊከለክል ይችላል። በወረቀቱ ላይ «በሙቀት ተባይ ማጥፋት» የሚለው ቃል በግልጽ መኖሩን፣ የሦስተኛ ወገን ጉዳትም መካተቱን አረጋግጥ። ራስህንም አትርሳ፤ በግሉ የሚሠራ ሰው በሥራ ላይ ሲጎዳ ቢቱዋሕ ለኡሚ የሚረዳው አስቀድሞ ከተመዘገበ ነው። የአጎትህ ልጅ «ላግዝህ» ብሎ ቢመጣ እርሱም ሠራተኛህ ሊባል ስለሚችል፣ ለእርሱም ተጠያቂ ነህ።

ወጣቱ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እንግዲያው ሥራው ይቅርብኛ» አለን። አብረውት የመጡት አያቱ ናቸው የመለሱለት፦ «አይ ልጄ፣ ይቅር አላሉህም። አንጥረኛም እኮ እሳት ይነካል፤ ግን መጀመሪያ ወናፉን ይማራል።» እኛም ከዚህ የተሻለ ምክር የለንም።

ለቤተሰቦች

ቤታችሁን በሙቀት ለማጽዳት ሰው የምትጠሩ ቤተሰቦችም ጥንቃቄ አድርጉ። የፈቃዱን ወረቀት አሳዩኝ ማለት ስድብ አይደለም፤ ስሙ በአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ማየትም ትችላላችሁ። ዕብራይስጥ የሚያነብ ልጅ ወይም ጎረቤት ሳያይላችሁ አትፈርሙ። ሳይሠራ ሙሉውን ገንዘብ አትክፈሉ፤ ስትከፍሉም ደረሰኝ ተቀበሉ። ውሉ በስልክ ንግግር የተደረገ ከሆነ፣ የዓሊያ ምስክር ወረቀት ከያዘ 5 ዓመት ያልሞላው ኦሌ ሓዳሽ በ4 ወር ውስጥ ሊሰርዘው የሚችልበት ደንብ አለ፤ ለአገልግሎት ግን ሥራው ከመሠራቱ ቀደም ብሎ መሰረዝ ያስፈልጋል። ጉዳት ከደረሰባችሁ ደግሞ ያለ ጠበቃ የሚከራከሩበት የትንንሽ ክሶች ፍርድ ቤት በዚሁ በነታኒያ አለ።

ተከራዮች ከሆናችሁ ትኋኑን እንዳያችሁ ለአከራዩ በጽሑፍ አስታውቁ፤ ያለ እርሱ የጽሑፍ ስምምነትም ቤቱን በማሞቂያ አታስሞቁ። አንቀጽ 39 ቤቱን የያዘውን ሰው እንደሚያካትት አትርሱ።

በራሳችሁ ልትሠሩት የሚቻል ሙቀትም አለ። አንሶላና ልብስ በ60 ዲግሪ ማጠብ፣ ከዚያም በሞቀ ማድረቂያ 30 ደቂቃ ማቆየት ትኋንንም እንቁላሉንም ይገድላል። መንገድ ላይ የተጣለ ፍራሽና ሶፋ ወደ ቤት አታስገቡ። በካራቫንና በመርካዝ ክሊታ የጀመርን ሰዎች የተጣለ ዕቃ ማንሣት ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን፤ ርካሹ ሶፋ ግን ብዙ ጊዜ ውድ ይሆናል። ነጭ ጋዝ፣ አልኮልና የጋዝ ምድጃ ግን ለትኋን በጭራሽ አትጠቀሙ። በ2017 በአሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ ትኋን ለመግደል የተረጨ አልኮል እሳት ይዞ በርካታ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል።

በመጨረሻ ስለ እፍረቱ። በኒው ዮርክ ከ2010 ጀምሮ አከራይ የቤቱን የትኋን ታሪክ ለአዲስ ተከራይ በጽሑፍ እንዲገልጽ ሕጉ ያዛል። ትልቅ ከተማ በሕግ በግልጽ የሚናገረውን ነገር እኛ በሹክሹክታ የምናወራበት ምክንያት የለም። የሚያፍር ሰው ባለሙያ አይጠራም፤ በሌሊት በድብቅ የሚሠራለትን፣ ስሙና ፈቃዱ የማይታወቀውን ሰው ይጠራል። አደጋው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

በ1984፣ በ1991፣ ወይም በ2020 በተጀመረው በጹር እስራኤል ዘመቻ የመጣን ሁላችን አንድ ተረት እናውቃለን፤ ሳይቃጠል በቅጠል። ትኋን የታየበት ቤት ዛሬውኑ ይናገር፤ ሥራውን የሚሠራውም ዛሬውኑ ወረቀቱን ያሟላ። ማኅበራችን የውል ወረቀት ለማንበብ፣ ደብዳቤ ለመጻፍና ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ለመምራት በሩ ክፍት ነው። በሩንም መዝጋት አያስፈልግም።

ሰላም ለቤታችሁ፣ እንቅልፍም ለዓይናችሁ ይሁን።